ጉበት ላይ ስብ ነው ወይስ ጠባሳ? ያለ መርፌ ናሙና በደም ምርመራ ለመለየት ወሎ ውስጥ የትኛው ስሌት ይመረጥ

«ጉበትዎ ላይ ስብ ታይቷል» የሚል የአልትራሳውንድ ወረቀት ይዞ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስቡ ምን ያህል ነው?» ብሎ ነው። የሰውየውን መጪ ጊዜ የሚወስነው ግን የስቡ ብዛት አይደለም፤ ስቡ ጉበቱን ሲያስቆጣ ቆይቶ ያስቀረው ጠባሳ ነው። ስብ ብቻ ያለበት ጉበት ክብደት ሲቀንስ ይመለሳል። ጠባሳ የበዛበት ጉበት ወደ ሲሮሲስ (ጉበቱ በጠባሳ ተይዞ መጠንከር)፣ ሆድ ውስጥ ውሃ ወደ መቋጠር፣ አልፎም ወደ ጉበት ካንሰር ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ምርመራ ከመምረጥዎ በፊት ጥያቄዎን ይለዩ። አንዳንዱ የደም ስሌት «ስብ አለ ወይ?» ለሚለው መልስ ይሰጣል፣ ሌላው «ጠባሳ አለ ወይ?» ለሚለው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ብር ከፍሎ የማይጠቅመውን መልስ ይዞ ይመለሳል።

ጠባሳን በቀጥታ የሚያሳየው ከጎድን አጥንት መሃል መርፌ አስገብቶ ናሙና መውሰድ ነው። ይህ ባዮፕሲ የሚባለው ምርመራ ዛሬም ቦታ አለው። ሆኖም የሚወሰደው ቁራጭ ከመላው ጉበት ወደ 50,000ኛ እጅ ብቻ ስለሆነ ጠባሳው ያለበትን ቦታ ሊስት ይችላል፤ ያማል፣ አንዳንዴም ያደማል፤ የሚያነበው ፓቶሎጂስትም ይፈልጋል። ስብ አለብህ የተባለ ሰው ሁሉ በዚያ በር አይገባም። በደም ስሌት ተጣርቶ የሚያስፈልገው ጥቂት ሰው ብቻ ወደዚያ ይሄዳል።

ምክራችንን ከወዲሁ እንናገር። ደሴም ይሁን ወልድያ፣ ኮምቦልቻም ይሁን ከሚሴ፣ ዕድሜው ከ35 ዓመት በላይ የሆነ ሰው መጀመሪያ ማሠራት ያለበት ፊብ-4 የሚባለውን የጠባሳ ስሌት ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ጾም አይፈልግም፣ የሚያስፈልጉት ሦስት የላብራቶሪ ቁጥሮችም (ኤኤስቲና ኤኤልቲ የሚባሉት የጉበት ኢንዛይሞች፣ እንዲሁም ፕሌትሌት የሚባሉት ደም የሚያረጉ ሴሎች) የሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሴል ቆጠራ፣ ማሽንና የጉበት ኢንዛይም ምርመራ ካለበት ቦታ ሁሉ ይገኛሉ። ከሌሎቹ ጋር የምናነጻጽረው መቼ እንደሚያስተማምንና መቼ እንደሚያሳስት ለማሳየት ነው፤ ወሎ ውስጥ ፊብ-4ን የሚያሳስቱ ነገሮች ጥቂት አይደሉምና።

ስብን የሚፈልጉት

ኤፍኤልአይ በ2006 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ የተሠራ ስሌት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ትራይግሊሰራይድ (በደም ውስጥ ያለ ስብ)፣ ጂጂቲ (ሌላ የጉበት ኢንዛይም)፣ የወገብ ዙሪያና ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር ተነጻጽሮ) ይገቡበታል። ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ነው፤ ከ30 በታች ከሆነ ስብ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው፣ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። ሂሳቡ ሎጋሪዝም ስላለበት በእጅ አይሠራም፣ ስልክ ላይ ያለ የሕክምና ማስሊያ ይሠራዋል። ችግሩ ጂጂቲ ነው። በተለመደው የጉበት ምርመራ ጥቅል ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለማይካተት ለብቻው ይታዘዝ። አረቄ የሚጠጣ፣ ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል ወይም ፌኒቶይን የሚወስድ፣ ለቲቢ ሪፋምፒሲን የጀመረ ሰው ጂጂቲው ያለ ስብም ይጨምራል። የወገብ ዙሪያም በቀበቶ ቁጥር አይገመትም፤ ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት አናት መካከል፣ ትንፋሽ ወጥቶ ሲያበቃ፣ ሜትሩ ቆዳ ሳይጫን ይለካል።

ኤችኤስአይ ቀለል ይላል። በ2010 ከኮሪያ የወጣ ነው። ኤኤልቲን ለኤኤስቲ አካፍሎ በ8 ማባዛት፣ ቢኤምአይ መደመር፣ ሴት ከሆነች 2፣ የስኳር ሕመም ካለ ሌላ 2 መጨመር ነው። ከ30 በታች ስብ የለም ያሰኛል፣ ከ36 በላይ አለ ያሰኛል። ጂጂቲ በማይሠራበት ቦታ ይህኛው ይመረጣል።

እውነቱን ለመናገር፣ አልትራሳውንድ አስቀድሞ ስብ ያሳየ ከሆነ ሁለቱም ብዙ አይጨምሩም። የሚጠቅሙት አልትራሳውንድ በሌለበት፣ ወይም አልትራሳውንዱ ምንም ሳያሳይ ሰውየው ስኳርና ወገብ ላይ የተጠራቀመ ስብ ባለበት ጊዜ ነው። አልትራሳውንድ ስብን በደንብ የሚያየው ከጉበቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ሲያዝ ነውና ቀላሉን ሊያልፈው ይችላል።

ኤኤልቲን ብቻ አይቶ «ኢንዛይሙ ኖርማል ነው፣ ምንም የለብህም» ማለት ደግሞ የተለመደ ስህተት ነው። ስብ፣ ጠባሳም ጭምር፣ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ኤኤልቲያቸው ኖርማል ነው። በዚያ ላይ የላብራቶሪ ወረቀት «እስከ 40» ብሎ ቢያትምም፣ የጉበት ሐኪሞች ለወንድ ከ33፣ ለሴት ከ25 በላይ ያለውን እንደ ከፍተኛ መቁጠር ይመርጣሉ። ወረቀቱ ላይ ኤስጂኦቲ ተብሎ ከተጻፈ ኤኤስቲ ማለት ነው፤ ኤስጂፒቲ ደግሞ ኤኤልቲ። ሁለቱን ያቀያየረ ሰው ስሌቱን ሁሉ ያበላሻል።

ጠባሳን የሚፈልጉት፤ ፊብ-4 በቅርብ ሲታይ

ፊብ-4 እንዲህ ይሠራል፦

ዕድሜ × ኤኤስቲ ÷ (ፕሌትሌት × √ኤኤልቲ)

ፕሌትሌት በሺህ የተጻፈው ቁጥር እንዳለ ይገባል፤ 210,000 ከሆነ 210 ተብሎ። ስኩዌር ሩቱ የኤኤልቲ ብቻ ነው። የስልክ ማስሊያ ላይ የ√ ምልክት ካልታየ ስልኩን አግድም ሲያዞሩት ይወጣል።

ዕድሜው 52 የሆነ፣ ስኳር ያለበት ወንድ እንውሰድ። ኤኤስቲ 48፣ ኤኤልቲ 64፣ ፕሌትሌት 210 ነው። 52 × 48 = 2,496። የ64 ስኩዌር ሩት 8 ነው፤ 210 × 8 = 1,680። 2,496 ÷ 1,680 = 1.49።

ከ1.3 በታች ቢሆን ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው ይባል ነበር። ከ2.67 በላይ ቢሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው፣ ወደ ስፔሻሊስት ይላካል። 1.49 በመካከል ነው፤ አያስደነግጥም፣ አያዘናጋምም፤ ሁለተኛ ምርመራ ይጠይቃል።

ፊብ-4 ጎበዝ የሆነው «የለም» በማለት እንጂ «አለ» በማለት አይደለም። ዝቅተኛ ቁጥር በአብዛኛው ይታመናል፣ ከፍተኛ ቁጥር ግን ይጣራል። ስኳር ባለበት ሰው ዝቅተኛውም ቁጥር አንዳንዴ ጠባሳ ስለሚያልፍ በአንድ ጊዜ ምርመራ አይታለፍም።

ዕድሜ በቀጥታ ስለሚባዛ ቁጥሩን ይጎትታል። ያው የደም ውጤት የ28 ዓመት ወጣት ቢሆን 0.8፣ የ70 ዓመት አዛውንት ቢሆን 2.0 ይወጣል። ለዚህ ነው ከ35 ዓመት በታች የማያስተማምነው፣ ከ65 ዓመት በላይ ደግሞ የታችኛው ወሰን ከ1.3 ወደ 2.0 ከፍ የሚለው። አዛውንቶችን በ1.3 ከመዘንናቸው ግማሹን ሰው ያለ ምክንያት ሪፈር እንጽፍለታለን።

ፕሌትሌቱ ሲዋሽ

አሁን ያንኑ የ52 ዓመት ሰው ፕሌትሌት ማሽኑ 110 ብሎ አነበበው እንበል። 110 × 8 = 880፤ 2,496 ÷ 880 = 2.84። ጉበቱ ምንም ሳይለወጥ ሰውየው ወደ «ከፍተኛ አደጋ» ተሻገረ። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚሆን አይደለም።

የመጀመሪያው ምክንያት ቱቦው ውስጥ ነው። የሲቢሲ ደም ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ይቀዳል፤ እንደተቀዳ ከ8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ መገልበጥ አለበት። ካልተገለበጠ ትንንሽ ጓል ይሠራና ፕሌትሌቱ ይቀንሳል። በአንዳንድ ሰው ደግሞ በትክክል ተገልብጦም ቱቦው ውስጥ ባለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ምክንያት ፕሌትሌቶች ይጣበቃሉ፤ ማሽኑ የተጣበቁትን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል ወይም ይዘላቸዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ደሙ በስላይድ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ ከተጣበቀ ሰማያዊ ክዳን ባለው የሲትሬት ቱቦ እንደገና ይቀዳና ቁጥሩ በ1.1 ይባዛ። ፕሌትሌት ከ150 በታች ሆኖ ማንም በማይክሮስኮፕ ካላየው፣ በዚያ ቁጥር የተሠራ ፊብ-4 ገና አልተሠራም ብለን እንቆጥረዋለን።

ሁለተኛው ምክንያት አገሩ ራሱ ነው። በከሚሴ ዙሪያና በሐይቅ ቢልሃርዚያ አለ። አንጀት ውስጥ የሚኖረው ዓይነት እንቁላሉን ወደ ጉበት ልኮ በደም ሥሮቹ ዙሪያ ጠባሳ ያበጃል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ያበጠ ጣፊያ ፕሌትሌት ይይዛል። ይህ ሰው ፊብ-4ው ከፍ ይላል፣ ጠባሳም አለው፣ ነገር ግን ጠባሳው ከስብ የመጣ አይደለም፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። ቆቦና ሌላው ቆላ ላይ ወባ የያዘው ሰው ፕሌትሌቱ ለቀናት ይወርዳል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ የተመለሰ፣ ትኩሳትና ያበጠ ጣፊያ ያለው ወጣት ካላዛር መጠርጠር አለበት። ስለዚህ ፊብ-4 የሚሠራው ሰውየው ጤናማ በሆነበት ቀን ነው። ትኩሳት ካለ ወባው ይታከም፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይለፍ፣ ከዚያ ይሠራ። የቆላ ውሃ ዳር ያደገ ሰው ከሆነ ደግሞ ሰገራው ይመርመር፣ አልትራሳውንድ የሚያነሳውም ጣፊያውን ለክቶ እንዲጽፍ ይጠየቅ።

ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ከሁሉም በፊት ይመርመሩ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ስብም ሊኖረው ይችላል፣ ግን ከላይ ያሉት የፊብ-4 ወሰኖች ለስባማ ጉበት የተቀመጡ ስለሆኑ ለእሱ አይሠሩም። ለእሱ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 መመሪያው ያስቀመጠው ኤፒአርአይ የሚባለውን፣ ስሌቱን ከታች የምናሳየውን፣ ነው፤ ከ0.5 በላይ ከሆነ ጉልህ ጠባሳ፣ ከ1 በላይ ከሆነ ሲሮሲስ ይጠረጠራል።

ከፊብ-4 ጎን የሚቆሙት

ኤፒአርአይ ሁለት ቁጥር ብቻ ይፈልጋል። ኤኤስቲን ላብራቶሪው ላስቀመጠው ከፍተኛ ወሰን ማካፈል፣ በ100 ማባዛት፣ ለፕሌትሌት ማካፈል ነው። የኛው ሰው ወሰኑ 40 ከሆነ 48 ÷ 40 × 100 ÷ 210 = 0.57 ይወጣለታል። በ2003 ለሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን የተሠራ ነው። ለስባማ ጉበት ከፊብ-4 ይልቅ ደካማ ስለሆነ ሄፓታይተስ ከሌለ አንመርጠውም።

ኤንኤፍኤስ የሚባለው በ2007 በቀጥታ ለስባማ ጉበት የተሠራ ነው፤ ዕድሜ፣ ቢኤምአይ፣ የስኳር ሕመም፣ የኤኤስቲና የኤኤልቲ ንጽጽር፣ ፕሌትሌትና አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን) ይገቡበታል። ከ-1.455 በታች ዝቅተኛ፣ ከ0.676 በላይ ከፍተኛ ነው። ለዚያው ሰው፣ ቢኤምአይ 29 እና አልቡሚን 4.2 ከሆነ፣ -0.65 ይወጣል፤ እሱም መካከል ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው፣ ሁለቱ ስሌቶች በአንድ ላይ ያመነታሉ። አልቡሚን ደግሞ በምግብ እጥረት፣ በኩላሊት ሕመምና በከባድ ኢንፌክሽን ይወርዳል፤ ድርቅ ባለበት ዓመት ሰቆጣ አካባቢ ያለ የከሳ ሰው በዝቅተኛ አልቡሚን ብቻ ወደ ላይ ይገፋል። ስኳር መኖሩ ብቻውን 1.13 ነጥብ ስለሚጨምርም የስኳር ሕሙማንን በብዛት «አደጋ ላይ ነህ» ይላል። ፊብ-4 ካለዎት ይህን መጨመር ትርፉ ትንሽ ነው።

እነዚህ ሁሉ የተሠሩት በሌላ አገር ሕዝብ ላይ ነው። ፊብ-4 ራሱ በ2006 መጀመሪያ የተዘጋጀው ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ሲ አብረው ላሉባቸው ሰዎች ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ማጣሪያ እንጂ እንደ ፍርድ አያንብቡት።

ውድ የሆኑትስ? ኢኤልኤፍ የጠባሳን ሥራ በቀጥታ የሚያሳዩ ሦስት ንጥረ ነገሮችን ይለካል፤ 9.8 እና ከዚያ በላይ ከባድ ጠባሳን ያመለክታል። ፊብሮቴስት የሚባለው ደግሞ ሃፕቶግሎቢን የተባለ የደም ፕሮቲንን ስለሚጠቀም በወባ ቀይ ደም ሴል የፈረሰበት ሰው ላይ በሐሰት ከፍ ይላል። ሁለቱም ልዩ ኪት ይፈልጋሉ። መካከለኛ ፊብ-4 የወጣለት ሰው ለእነዚህ ከሚከፍል ይልቅ የጉበትን ጥንካሬ በድምፅ ሞገድ ወደሚለካው ፊብሮስካን ቢሄድ ይሻለዋል፤ እሱም መርፌ የለውም። ከ8 ኪሎፓስካል በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የለም ማለት ይቻላል። ከመለካቱ በፊት ለ3 ሰዓት ምግብ አይበላም፣ የበላ ሰው ጉበት ጠንክሮ ይነበባልና። አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድ ከሆነ፣ ከመሳፈርዎ በፊት ፊብ-4ን በሁለተኛ የደም ናሙና ያረጋግጡ።

ደም ከመሰጠቱ በፊት

ፊብ-4፣ ኤፒአርአይና ኤችኤስአይ ጾም አይፈልጉም። ኤፍኤልአይ ግን በትራይግሊሰራይዱ ምክንያት ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባዶ ሆድ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ረመዳን ብዙ ሰው ያሳስታል። «ጾመኛ ነኝ» ብሎ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደም የሚሰጥ ሰው ሱሁር ከበላ ገና 4 ሰዓት ያህል ነው፣ ትራይግሊሰራይዱ ገና ከፍ እንዳለ ነው። በረመዳን ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቢሰጥ ይሻላል። ለክርስቲያኑ ጾም ችግሩ አይገጥምም፤ ጠዋት ሳይቀምስ ቢሄድ ይበቃዋል።

ኤኤስቲ ጡንቻ ውስጥም አለ። አጨዳ ላይ የዋለ፣ ድንጋይ ሲጭን የሰነበተ ሰው በማግስቱ ቢመረመር ኤኤስቲው ይጨምራል፣ ፊብ-4ም አብሮ ይወጣል። ከከባድ ሥራ ቢያንስ ሦስት አራት ቀን፣ ከተቻለ ሳምንት ይረፍ። ደሙ በቀጭን መርፌ በኃይል ተስቦ ወደ ቱቦ ከተገፋም ቀይ ሴል ይፈርሳል፣ ከውስጡ ኤኤስቲ ይወጣል፤ ሴረሙ (ከደሙ የሚለየው ፈሳሽ) ሮዝ ከሆነ ላብራቶሪው ናሙናውን መጣል አለበት። ናሙናው ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ የሚላክ ከሆነ ሴረሙ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተለይቶ ይላክ፣ ደሙ እንዳለ በመኪና አይንገላታ።

የሚወሰደው ሁሉ ለሐኪሙ ይነገር፤ የቲቢ መድኃኒት፣ ቫልፕሮይክ አሲድ፣ ስቴሮይድ፣ ጫት፣ ለ«ወፍ በሽታ» ተብሎ የተጠጣ ሥራ ሥርም ጭምር። ስባማ ጉበት ዓይንን ቢጫ አያደርግም። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው የሚያስፈልገው ፊብ-4 ሳይሆን አስቸኳይ ሐኪም ነው። ሆዱ ውሃ የቋጠረ፣ ደም ያስታወከ ወይም መናገር ያምታታው ሰውም እንደዚያው።

መጠጥም በግራም ይቆጠር። 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መለኪያ 45 በመቶ አልኮል ያለው አረቄ ከተሞላበት ወደ 18 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። በቀን ለሴት ከ20፣ ለወንድ ከ30 ግራም በላይ ከሆነ ስሙ ስባማ ጉበት ብቻ መሆኑ ይቀራል፣ አልኮሉም ምክንያት ሆኖ ይመዘገባል። በ2023 የወጣው አዲሱ የስባማ ጉበት ስያሜ ይህን ልዩነት በግልጽ አስቀምጦታል። ኤኤስቲ ከኤኤልቲ በእጥፍ ከበለጠም አልኮል ይጠረጠራል።

ቁጥሩ ከወጣ በኋላ

ፊብ-4 ከ1.3 በታች ሆኖ ስኳር ያለበት ሰው በ1 ወይም በ2 ዓመት ይድገመው፤ ስኳር የሌለበት በ2 ወይም በ3 ዓመት። መካከል ላይ የወጣለትና ፊብሮስካን ያልተገኘለት ስኳሩንና ክብደቱን አስተካክሎ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ይድገም። ለ80 ኪሎ ሰው 4 ኪሎ መቀነስ ስቡን ያሳንሳል፣ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ቁጣውን ያበርዳል፣ 8 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ጠባሳውን ሊያሻሽል ይችላል። ቀሪቦ አልኮል የለውም ተብሎ በጆግ ሲጠጣ ስኳሩ መረሳት የለበትም፣ ስምንት ማንኪያ ስኳር የሚገባበት የቀን ሻይም እንዲሁ። ከ2.67 በላይ የወጣለት ሰው ግን ክብደት እስኪቀንስ አይጠብቅም፤ ፕሌትሌቱ በስላይድ ታይቶ፣ ሄፓታይተሱ ተመርምሮ፣ በዚያው ሳምንት የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ጋ ይሂድ።

ሲደግሙም በአንድ ላብራቶሪ ይሁን፤ የኢንዛይም ማሽንና ወሰን ከቦታ ቦታ ይለያያል። በወረቀቱ ጀርባ ላይ ቀኑን፣ የዚያን ቀን ዕድሜዎን፣ ክብደትዎን፣ ኤኤስቲ፣ ኤኤልቲና ፕሌትሌትን በእጅዎ ጽፈው ያስቀምጡ። ሁለተኛው ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ የሚፈለገው «ኖርማል ነው» የሚለው ቃል አይደለም፣ እነዚያ ስድስት ቁጥሮች ናቸው።